የታረመው የመጨረሻ ገጽ

አርባ ምንጭ ውስጥ ለአንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ ልቦለድ የሚመርጥ ኮሚቴ ተዋቅሮ እኔም አባል ሆንኩ። ሰብሳቢያችን አቶ ታደሰ የወጣቱ ሥነ ምግባር እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ናቸው። ለማንበብ ግን ትዕግሥት የላቸውም፤ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይተው ይፈርዳሉ።

እኔ ያቀረብኩት ልቦለድ የሚያልቀው ባለታሪኳ አባቷ የመረጠላትን ባል ትታ ከቤት ስትወጣ ነው።

«በቃ፣ እንዲህ ወጥታ ቀረች?» አሉና መጽሐፉን ቀድመው ውድቅ ባደረጓቸው አሥራ አንድ ልቦለዶች ላይ ጣሉት።

የክበቡ ሊቀመንበር ማርታ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከከተማው አቅራቢያ ካለችው ከላንቴ የመጣች ልጅ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ የፈለግነው እሱን ነበር» አለች።

«ለእናንተው ብለን ነው፣ ልጄ።»

በሳምንቱ ማርታ «የታረመው እትም ተገኘ» ብላ መጽሐፉን መልሳ አመጣችው። አቶ ታደሰ የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። ባለታሪኳ ወደ ቤት ተመልሳ የአባቷን ጉልበት ስማ ታለቅሳለች። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ደራሲ ማለት እንዲህ ነው» ብለው ፈረሙ።

እኔ ሳገላብጠው ገጹ በኮምፒውተር ተጽፎ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ማርታን በር ላይ ጠብቄ «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አልኳት።

«አይጨነቁ፣ መምህር» አለችኝ። «እሳቸው የጣሏቸው የቀሩት አሥራ አንድ ባለታሪኮችም ሐሙስ ንስሐ ይገባሉ።»