አክስቴ ተገልብጣ ያየችው ፊት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ስላቀረቀረች አንገቷ ወደፊት ደፋ ብሎ ቀርቷል፤ ከሩቅ ስትመጣ የወደቀ መርፌ የምትፈልግ ትመስላለች። እኔን ያሳደገችኝ እንዲያ አቀርቅራ ስለሆነ ማንም ሲቀልድባት አልወድም፣ ከእኔ በቀር።

ዮጋ የጀመረችው ሐኪም "ሰውነትዎን ያፍታቱ" ቢላት ነው። ከሱቋ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ወጣት ታሠለጥናለች። አክስቴ መጀመሪያ የወጣችው ለመሳቅ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ግድግዳው ጋ በጭንቅላታቸው ሲቆሙ ስታይ ግን ልቧ እዚያው ቀረ።

"እኔስ መቼ ነው የምቆመው?"

"እትዬ፣ መጀመሪያ ክንድዎና ትከሻዎ ይጠንክር" አለቻት አሠልጣኟ። "ሸክሙ የክንድ ነው እንጂ የአንገት አይደለም። እስከዚያ ብቻዎን እንዳይሞክሩ።"

አክስቴ "እሺ" አለች። እሺታዋን የምናውቅ ሰዎች ግን ስጋት ገባን።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሰፈሩ "ኮስታራው" ይለዋል፤ በሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ መንገድ የተዘጋበት ይመስላል። "ይቅርብሽ። አንቺ ከወደቅሽ እኔን ማን ያነሳኛል?" አላት። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ከዚያ ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራች፤ ለጭንቅላቷ ትራስ ሰፋች። ሰማያዊ ከፋይ፣ ዙሪያው በጥለት የተከፈፈ፣ ውስጡ በስፖንጅ የተሞላ፣ ሙሽራ የሚተኛበት ዓይነት። አንድ ከሰዓት በኋላ የሱቋን በር ዘጋችና ጭንቅላቷን ትራሱ ላይ አድርጋ እግሯን ወረወረች። ትራሱ ወደ ጎን ሸሸ። አንገቷ ተጠመዘዘና ሱቁ ውስጥ ለማሳያ ቀሚስ ከለበሰው አሻንጉሊት ጋር ተቃቅፈው ወደቁ።

ድምፁን ከደጅ ሰምቼ በሩን ገፍቼ ስገባ፣ "ለሰውዬው እንዳትነግሪው" አለችኝ። አንገቷ አልዞር ስላላት የምታናግረው ግድግዳውን ነበር። ልሳቅ ወይስ ልጩህ? አለቀስኩ።

ራጅ ተነሳች። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ግን አርጅቷል። "ከእንግዲህ አንገትዎ ላይ ምንም ክብደት እንዳያርፍ" አላት ሐኪሙ፤ "እንዲህ ደግመው ከወደቁ እጅዎ ሊደነዝዝ ይችላል።" እጅ ከደነዘዘ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ አክስቴን አላውቃትም።

"አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ሲባል አልሰማሽም?" ብሎ ጮኸ ኮስታራው። "አንቺ ልትቆሚበት!" ይጩህ እንጂ እስክትድን ድረስ በየማለዳው ሱቁን ከፍቶ የስፌት መኪናዋን የሚወለውልላት እሱ ነበር።

አንገቷ ሲሻላት ትራሱን ታቅፋ ወደ ፎቅ ወጣች። አሠልጣኟ በመዳፏ ብትጫነው እጇ ሰመጠ።

"የጣለዎት ይኼ ነው። ለስላሳ ነገር ላይ አንገት ይዋልላል። እኛ ከጭንቅላት ስር የምናነጥፈው ጠፍጣፋ ብርድ ልብስ ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ እሱም አይሆንም።"

አክስቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ አንጀቷ አልቻለም፤ "ሐኪሙ ከፈቀደ ጭንቅላት ምንም ሳይነካ የሚቆምበት ዘዴ አለ" አለቻት። ሁለት ወንበሮች ግድግዳው ጋ ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ ትከሻ እነሱ ላይ ያርፋል፤ ጭንቅላት በመሃላቸው ይንጠለጠላል።

ሐኪሙ ዘዴውን በደንብ ካስረዱት በኋላ፣ ሰው ይያዛት ብሎ ፈቀደ። አክስቴም ዳግም መርፌዋን አነሳች። አሁን ግን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ድርቅ ያለ የትከሻ መደገፊያ ሰፋች፤ እንዳይሸሽም ከወንበሮቹ ጋር በማሰሪያ ጠፈረችው። ጥለት የለ፣ ከፋይ የለ።

የምትቆምበት ቀን ሲደርስ አሠልጣኟና እኔ እግሯን ያዝን። ኮስታራው ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ የወንበሮቹን እግር እንደ እጅ ፍሬን ጨምድዶ ያዘ። እግሯ ቀስ ብሎ ወጣ። ያ ያቀረቀረ አንገት ምንም ሳይሸከም ተንጠለጠለ፤ እየቆየም ዘና አለ። እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።

አክስቴ ተገልብጣ ባሏን ትክ ብላ አየችው።

"አንተ! ለካ ስትስቅ እንዲህ ታምራለህ!"

እኔ በእግሬ ስለቆምኩ ፊቱን እንዳለ አየሁት። የከንፈሩ ጫፎች ወደ ታች ወርደው ይንቀጠቀጣሉ፤ እጁን ከወንበሩ ማንሳት ስለፈራ እንባውን እንኳ አልጠረገም።

"አዎ፣ እየሳቅኩ ነው" አለ። "አሁን ቀስ ብለሽ ውረጂልኝ።"