ከነካሳ ኦብሑር በናፍጣ

መካ ውስጥ ነካሳ በሚባለው የተራራ ሰፈር ሙሐመዲንን ጎረቤቶቹ ጠያቂው ይሉት ነበር። ስድብም ሙገሳም አልነበረም። ጫማ ሰፊ አጠገብ ከቆመ ክሩ ከምን እንደተሠራ ይጠይቃል፤ ከሩቅ የመጣ ሐጃጅ ካገኘ በአገሩ ዝናቡ መቼ እንደሚጀምር ይጠይቃል። ሚስቱ ሙፊዳ አብራው ገበያ መውጣት የተወችው በዚሁ ምክንያት ነው። ቲማቲም ሊገዙ ወጥተው፣ ቲማቲሙ ከየት እንደመጣና ለምን ትናንት እንዳልመጣ እስኪጣራ ድረስ ፀሐይ አናታቸውን ትበሳዋለች።

የወሎ ሰው ነው፣ የሐርቡ። በዑምራ ቪዛ መጥቶ እዚያው ቀርቶ፣ ለዓመታት ያለ ወረቀት ሠራ። በ2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሳዑዲ መንግሥት ወረቀታችሁን አስተካክሉ ብሎ የምሕረት ጊዜ ሲሰጥ፣ ከጅዳ ማዶ ኦብሑር ላይ አትክልቱን የሚንከባከብላቸው አቡ ፈዋዝ የሚባሉ ሽማግሌ ከፊል፣ ማለትም አሠሪና ዋስ፣ ሆነውት በስማቸው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አወጡለት። በዑምራ የገባ ሰው ማስተካከል ይችል ነበር። በየመን በረሃ አቋርጦ የገባው ግን ምሕረቱ አልነካውም፤ ነካሳ ውስጥ ደግሞ የሚበዛው እሱ ነበር።

ኢቃማው እጁ ሲገባ ችግሩ መንገዱ ሆነ። ቤቱ መካ፣ ሥራው ከጅዳ ማዶ ባሕር ዳር። በጋራ ታክሲ ጅዳ ይወርዳል፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይይዛል፣ የቀረውን በእግሩ ይጨርሳል። ደመወዙ በሾፌሮች ኪስ ያልቃል። ኦብሑር ቤት እንዳይከራይ፣ ሙፊዳ ልብስ የምትሰፋላቸው ደንበኞቿ በሙሉ ነካሳ ናቸው፤ እሱም ከታላቁ መስጊድ፣ ከሐረም፣ መራቅ አልፈለገም። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ አወጣና አሮጌ፣ ርካሽ፣ ነዳጅ የማትበላ መኪና መፈለግ ጀመረ።

ጅዳ፣ ጋራዦች በተደረደሩበት ሰፈር፣ ዩሱፍ የሚባል የጅማ ሰው ነበር። መካኒክ ስለሆነ ሁሉም ኡስታ ዩሱፍ ይለዋል። ሙሐመዲን ጋራዡን ሲዞር ጥግ ላይ ሸራ የለበሰች መኪና አየ። ሸራውን ገለጥ አደረገው። ከኋላዋ ረዘም ያለች፣ በአቧራ የጠቆረች ነጭ የቤተሰብ መኪና ናት።

“ይቺስ፣ ኡስታ?”

“እሷን ተዋት። ናፍጣ ናት።”

“ናፍጣ ብትሆን ምን አለበት?”

“እዚህ አገር ናፍጣ የጭነት መኪና ነው። የቤት መኪና በናፍጣ ስትሄድ አይተህ ታውቃለህ?”

ሙሐመዲን አይቶ አያውቅም። እንዲህ ከተባለ በኋላ ደግሞ ሌላ መኪና የሚያሳየው ሰው ቢመጣም አይሰማም። ማን አመጣት? እንዴት ገባች? ዩሱፍ መመለስ ሲሰለቸው ባለቤቷ በአሮጌው ከተማ፣ አል-ባላድ፣ ዳቦ የሚጋግር ሶሪያዊ መሆኑን ነገረውና፣ “ሂድና እሱን አድርቀው” ብሎ ሰደደው።

ሶሪያዊው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። መኪናዋን ልገዛ ነው ሲለው ዋጋ ሊጠራ አፉን ከፈተ። ሙሐመዲን ግን ቀደመው።

“በየት በኩል ነው ያመጣሃት?”

ሰውዬው መዳፉን በሽርጡ ጠረገ። ከዚያ ጀመረ። ከሐለብ ተነስቶ፣ ዮርዳኖስን አቋርጦ፣ ሚስቱን አጠገቡ፣ ልጆቹን ከኋላ አድርጎ ነበር የነዳት። በረሃው ላይ አንድ ቀን ሙሉ ከነፋስ በቀር ያጋጠማቸው አልነበረም። ወረቀቷን እዚህ አገር ለማስተካከል ያየውን አበሳም አንድ በአንድ ነገረው። ያ መንገድ አሁን ጦርነት ነው፤ ማንም አይሄድበትም።

“ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ?” አለው ሙሐመዲን።

“ናፍጣ የሚቀዳው ከጭነት መኪኖች ጋር ተሰልፎ ነው። ሚስቴ መረራት።” ዳቦውን ከምድጃው አውጥቶ አንዱን ሰጠው። “ወላሂ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ስለዚያ መንገድ የጠየቀኝ ሰው የለም።” ዋጋውንም ማንም ሳይከራከረው ራሱ ዝቅ አደረገው። ሲለያዩ አንድ ነገር አደራ አለው። “ቁልፉን ስታዞር ቢጫ መብራት ይበራል። እስኪጠፋ ጠብቅ። ካልጠበቅሃት ታኮርፋለች።”

ሙሐመዲን መኪናዋን ይዞ ሲሄድ በደስታ ፈንታ ያ መብራት ነበር በራሱ ውስጥ የሚዞረው። በማግስቱ ዩሱፍ ዘንድ ተመለሰ።

“መብራቱ ምን እየጠበቀ ነው?”

“ሞተሩ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ አለ። እስኪግል ነው።”

“በጅዳ ሙቀት? እዚህ ያልጋለ ምን አለ?”

ዩሱፍ ከመኪና ሥር ወጣ። “ስማኝ። የቤንዚን መኪና ካንዴላ አላት፤ በብልጭታ ነው የምትነሳው። ይቺ ካንዴላ የላትም። አየሩን ትጨምቀዋለች፣ ሲጨመቅ ይግላል፣ ናፍጣው እዚያ ውስጥ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ማሞቂያው ስትነሳ ብቻ ነው የሚያግዛት።”

“አየር በመጨመቅ ብቻ እሳት?”

“በመጨመቅ ብቻ። አሁን መፍቻዬን አቀብለኝ።”

ሙሐመዲን አላመነም። ነካሳ ሲደርስ ከጎረቤት የብስክሌት መንፊያ ተዋሰ። ጫፉን በጣቱ ደፍኖ እየደጋገመ ገፋው፤ ከዚያ ሙፊዳን ጠርቶ “ንኪው” አላት። ከስፌት መኪናዋ ተነስታ መጥታ የመንፊያውን ታች ነካችው። ሞቋል።

“እና?” አለችው።

“እናማ መኪናችን በዚህ ነው የምትሄደው።”

ሙፊዳ አንዴ መንፊያውን፣ አንዴ እሱን አየች። “እኔ ደግሞ በናፍጣ መስሎኝ ነበር” ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ዘወር ሲል ግን ራሷ መንፊያውን አንስታ ስትሞክረው ያዛት።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ደረሰ። በመካና በጅዳ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ገብቶ “ናፍጣ” ሲለው ቀጂው የሚቀልድ መሰለው። ሳቀና ቤንዚን ሞላለት። ሙሐመዲን ቁልፉን ሊያዞር ሲል ሽታው አፍንጫውን መታው። ሞተሩን ሳያስነሳ ወርዶ መኪናዋን በእጁ እየገፋ ከባድ መኪናዎቹ ወደቆሙበት ወሰዳት። እዚያ ሐሩን የሚባል ሽበታም የጭነት መኪና ሾፌር አገኘ። አያቶቹ ከናይጄሪያ ለሐጅ መጥተው መካ የቀሩ፣ እሱም እዚያው የተወለደ ሰው ነው። ሐሩን ቀረብ ብሎ አየና በዐረብኛ “ልጅ የወለደ የጭነት መኪና አለ እንዴ?” አለ። ሾፌሮቹ ሳቁ። ከዚያ ግን ሁሉም ተረባርበው በጎማ ቱቦ ቤንዚኑን አወጡላት፤ ሐሩን ከራሱ ታንክ ናፍጣ ቀዳላት። ከናፍጣ ማጣሪያዋ ሥር የተጠራቀመውን ውኃ እንዴት እንደሚያፈስስም አሳየው።

ከዚያ ወዲህ ሶሪያዊው የሸሸው ሰልፍ ለሙሐመዲን የሚናፈቅ ሆነ። ከየመን ድንበር ሽንኩርት የሚያመጣ፣ ከያንቡ ሲሚንቶ የሚጭን፣ ሁሉም ጠያቂ ያገኘ ጊዜ የሚያወራው አለው። መኪናዋም አንዴ ከሞላች ሳምንቱን ታደርሰዋለች።

ኅዳር አካባቢ የምሕረቱ ጊዜ አለቀ። ነካሳ በአንድ ሳምንት ተለወጠች። ሱቆች ተዘጉ፤ ወጣቶቹ ፖሊስ ፈርተው ተራራው ላይ አድረው ጠዋት የተያዙትን እየቆጠሩ ይወርዳሉ። ከሪያድ የሚመጣው ወሬ ያስፈራ ነበር። በመካና በጅዳ መካከል ሹመይሲ ላይ ተርሒል አለ፣ ወደ አገሩ የሚሸኝ ሰው የሚቆይበት ግቢ። ሙሐመዲን በየቀኑ በዚያ ሲያልፍ አውቶቡሶቹን ያያል፤ አጥሩ ሥር ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ራሳቸው እጅ ሊሰጡ የሚጠብቁትንም ያያል።

“አሁን መጠየቅ ይቅርብህ” አለችው ሙፊዳ። “ሰው ጠያቂ ሲያይ ጆሮ ጠቢ ነው የሚመስለው። አልፈህ ሂድ።”

“እሺ” አላት። እውነትም ለጥቂት ቀን አፉን ያዘ።

ኦብሑር፣ እሱ አትክልት በሚያጠጣበት ግቢ አጠገብ ባለው ቪላ፣ ኤዶም የምትባል የጎንደር ልጅ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ከመጀመሪያው ከፊሏ ጠፍታ የመጣች ናት፤ ፓስፖርቷ እሱ ዘንድ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ በአጥሩ ላይ ሰላም ይባባላሉ፣ እሱ ሚንት ቆርጦ ይሰጣታል፣ እሷ በላስቲክ ሩዝ ትቋጥርለታለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኗ አብጦ አጥሩ ጋ መጣች።

“መዳም ነገ ውጪልኝ አለችኝ። ወረቀት የሌለው ሰው ያስጠጋ ይቀጣል ተብላ ፈርታለች።”

“የት ልትሄጂ ነው?”

“አገሬ። ደክሞኛል፣ ሙሐመዲን። ራሴ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ። ግን መንገድ ላይ ከያዙኝ ወዴት እንደሚወስዱኝ አላውቅም። አንተ በዚያ በኩል አይደል የምታልፈው?”

ሙሐመዲን የሚያጠጣበትን ውኃ ዘጋ። ወረቀት የሌለው ሰው ጭኖ የተገኘ ኢቃማውን እንደሚቀማ ሁሉም ያውቃል። ከዚያም መባረር ነው፣ ሙፊዳም አብራው። ኤዶምም ስጋቱ ገብቷት፣ “ካልሆነም ግድ የለም” አለችው።

“ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ” አላት።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሹመይሲ ላይ መኪናዋን ዳር አስይዞ ቆመ። ወርዶ ወደ ተርሒሉ በር ሄደ። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ገና ወጣት ነው።

“ሰላም ዐለይኩም። አንድ ጥያቄ ነበረኝ።”

ወታደሩ ኢቃማውን ተቀብሎ አገላበጠ። “ምን?”

“ራሷ እጇን መስጠት የምትፈልግ ሴት አለች። እኔ ባመጣት ምን ያገኘኛል?”

ወታደሩ ቀና ብሎ አየው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲለምነው፣ ሲያለቅስበት፣ ሲሸሸው ነው የዋለው፤ አስቀድሞ የሚጠይቅ ያየ አይመስልም። ወደ ውስጥ ገብቶ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። “በቀን አምጣት። ሌላ ቦታ ሳትቆም ቀጥታ። ኬላ ላይ ቢያስቆሙህ አትዋሽ።”

ሙፊዳ ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤ ከዚያ አለቀሰች። በመጨረሻ ግን ጨርሳ የሰቀለችውን አንድ ሻርፕ ስልክ ቁጥሯ ካለበት ብጣሽ ወረቀት ጋር አጣጥፋ፣ “ለልጅቷ ስጥልኝ” አለችው።

በማግስቱ አቡ ፈዋዝን አስፈቅዶ ረፋዱ ላይ ኤዶምን ይዞ ወጣ። ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች፣ ሻንጣዋን አቅፋ። ከተማውን አለፉ። ከዚያ ኬላው መጣ። ፖሊሱ በእጁ ምልክት አስቆማቸውና ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ ሞተሩ አጎነበሰ።

“ይህ ድምፅ ምንድን ነው?”

“ናፍጣ ናት፣ ጌታዬ።”

“የቤት መኪና ናፍጣ? ክፈተው።”

ከፈተለት። ፖሊሱ ራሱን አስገብቶ አየ። ካንዴላዎቹ የታሉ አለ። ሙሐመዲን ስለ መጨመቁ፣ ስለ ብስክሌቱ መንፊያ፣ ሚስቱ ስለ መንካቷ ነገረው። ፖሊሱ እየጣመው ሄደ። አባቱ የውኃ ጉድጓድ ላይ የናፍጣ ሞተር እንደነበራቸው፣ ልጅ ሆኖ ሲያስነሳው እጁን ሊሰብረው እንደነበር አወራው። ከዚያ ቀና ሲል ኤዶምን አያት። ፊቱ ተለወጠ።

“ይቺስ?”

“ወደ ተርሒል ነው። ራሷ ፈልጋ።”

“ራስሽ ነሽ የምትሄጂው?”

“አዎ” አለች ኤዶም በዐረብኛ። “አገሬ ልገባ።”

ፖሊሱ ክዳኑን በዝግታ ዘጋው። የኋላውን በር ሊከፍት እጁን ሰደደና፣ መልሶ ጣራውን መታ መታ አደረገው። “ያላ፣ እለፍ።”

ኬላውን እየራቁ ሄዱ። ከዚያ ኤዶም መሳቅ ጀመረች፣ ሳቋም ወዲያው ልቅሶ ሆነ፤ ሙሐመዲን በመስተዋቱ እንዳያያት ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። ስትረጋጋ፣ “ክርስቲያን ወደ መካ እስከየት ነው የሚፈቀድለት?” አለችው። ከፊታቸው መንገዱ ላይ የተንጠለጠለውን ሰሌዳ አሳያት፤ ሙስሊም በቀጥታ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይላል። “እዚያ ማዶ ምን ይመስላል?” አለችው። ተራራውን፣ ደረጃ ደረጃ ሆነው የወጡትን የነካሳ ቤቶች፣ ጠዋት ጠዋት ከሐረም የሚሰማውን አዛን ነገራት።

በሩ ላይ የትናንቱ ወታደር አልነበረም። ሌላው ለመስማት ፈቃደኛ ስላልሆነ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆሙ። በመጨረሻ አለቃው ወጥቶ አስገባት። ኤዶም የሙፊዳን ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ገባች፤ ዞራም አላየችም። ሙሐመዲን ሐሳብ ገብቶት ተመለሰ። የሚሰሙት ወሬዎች ሁሉ ጥሩ አልነበሩም፤ ግቢው መጨናነቁን፣ ሰው ወለል ላይ እንደሚያድር ያውቃል። ልክ ሠራሁ ወይስ አልሠራሁም እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

ያን ሰሞን ሌሎችም ተርሒል አድርሰን ብለው ለመኑት። ራሕመት የምትባል የታመመች ጎረቤታቸውን አደረሰ፣ ሌሎችንም። ሁልጊዜ አስቀድሞ በሩ ላይ ጠይቆ ነበር። አንድ ቀን ግን አለቃው “ኻላስ፣ ከእንግዲህ አትምጣ፣ በአንተ ላይ ጥርጣሬ አለ” አለው፤ ተወው። እሱና ሙፊዳ ነካሳ ቀሩ፣ ከበፊቱ ጸጥ ባለ ሰፈር።

ክረምቱ አልፎ የሙፊዳ ስልክ ጮኸ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። ኤዶም ናት። ሹመይሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆይታ፣ ቦሌ ገብታ፣ ጎንደር እህቷ ዘንድ መድረሷን ነገረቻት። ከዚያ ሙሐመዲንን አገናኚኝ አለቻት።

“መንጃ ፈቃድ ልማር ተመዝግቤያለሁ” አለችው። “አቀበት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ይሄድብኛል፤ አስተማሪው ይጮኽብኛል። ፍሪሲዮኑን እንዴት አድርጌ ነው የምለቀው?”

ሙሐመዲን ስልኩን በትከሻው ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ዘርግቶ፣ እሷ የምታየው ይመስል ግራ እግሩን ቀስ እያለ እያነሳ፣ “መጀመሪያ መኪናው ራሱ እስኪንቀጠቀጥ ጠብቂ፤ አብሽሪ፣ አትቸኩዪ” እያለ ያስረዳት ጀመር። አቀበቱ ምን ያህል ቀጥ ያለ ነው፣ አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን፣ መኪናውስ ስንት ሰው ጭኗል እያለም ይጠይቃት ነበር።