ዋስ ፍለጋ በሀርጌሳ

ሀርጌሳ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ይልቅ ብዙ ቦታ የያዘው ወረቀት ነበር። የዲግሪዬ ቅጂ፣ የቅጂው ማረጋገጫ፣ የማረጋገጫው ማረጋገጫ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ጤነኛ መሆኔን የሚመሰክር ሌላ ደብዳቤ። ሁሉም ላይ ክብ ማኅተም አርፎበታል። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። እኛ ዘንድ ማኅተም የሌለው ወረቀት ወሬ ነው፤ ወሬም ቢሆን ማኅተም ካረፈበት ይታመናል። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ከሚሰጥበት መስኮት ፊት የቆምኩት ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሹም ጺሙን በሂና ያቀላ ቁጥብ ሰው ነው። ፋይሌን አልከፈተውም። በአንድ ጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረገና በእንግሊዝኛ፣ "ሰውሽ ማን ነው?" አለኝ።

"አልገባኝም።"

"ዳሚን። ዋስ። አንድ ነገር ብታጠፊ ሄደን የምንይዘው ሰው።"

"ምንም አላጠፋም እኮ! ይኸው ከወንጀል ነጻ የሚለው ደብዳቤ..."

"እሱ ስላለፈው ነው የሚያወራው" አለ። "እኔ የምጠይቅሽ ስለሚመጣው ነው።"

ፋይሌን አቅፌ ስወጣ በአማርኛ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ፤ ጺሙንም ጨምሬ ሰደብኩ። አማርኛ የሚሰማ የለም ብዬ ነዋ።

ፈቃዱን የፈለግኩት ለጌጥ አልነበረም። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ከአባቷ ጋር ስንለያይና እኔ እዚህ ሥራ ሳገኝ ድሬዳዋ እህቴ ጋ ተውኳት፤ "ለትንሽ ጊዜ ነው" ብዬ። ትንሹ ጊዜ ሁለት ዓመት ሆነ። እኔ በየጊዜው በሚታደስ አጭር ቪዛ ነበርኩ፤ ልጄን በቋሚነት ለማምጣትና ትምህርት ቤት ለማስገባት ግን የመኖሪያ ፈቃድ የግድ ነው። ሥራዬ ደግሞ፣ ለማላገጥ የተፈጠረ ይመስል፣ አያሃ በሚባለው የተፈናቃዮች ሰፈር እየዞርኩ የሕፃናት ክብደት መለካት ነው። የሰው ልጅ ቀኑን ሙሉ ስመዝን እውልና የራሴ ልጅ ስንት ኪሎ እንደሆነች እህቴን እጠይቃለሁ። ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ነበር።

ዋስ ማለት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛም አገር ያለ ዋስ ሥራ አይገኝም። የእኛ ዋስ የታወቀ ነው፤ ቋሚ ደሞዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው። እንግዲያው እኔ የማውቀው ትልቁ ደሞዝ የማን ነው? የአለቃዬ። አለቃዬ ኬንያዊ ነው፤ ደግ ሰው፣ ሙቀት የማይበግረው፣ በዚያ አቧራ መሀል ክራባት የሚያስር። ስጠይቀው ደስ ብሎት ተነሣ። በማግስቱ ተያይዘን መስኮቱ ጋ ቀረብን።

ሹሙ ክራባቱን አየ። እኔን አየ።

"ዋስሽ ይሄ ነው?"

"አዎ፣ የድርጅታችን ኃላፊ ነው።"

"የእሱስ ዋስ ማን ነው?"

አለቃዬ ሳቀ። ሹሙ አልሳቀም፤ እጁን ዘርግቶ፣ "እስቲ የአንተን ካርድ" አለው። አለቃዬ ኪሱን ዳበሰ፣ ካርዱን አወጣ፣ ሰጠ። ካርዱ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። ኃላፊያችን የአርባ ሠራተኛ ፈቃድ መታደሱን እየተከታተለ የራሱን ረስቶታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ዋስ ይዤ ሄጄ፣ ዋስ የሚያሻው ሰው ይዤ ተመለስኩ። ባጃጅ ውስጥ ክራባቱን ፈታና፣ "እንግዳ ለእንግዳ ዋስ አይሆንም ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?" ብሎ እኔኑ ተቆጣ።

ነገሩን ያስረዳችኝ የቢሮ ባልደረባዬ ናት፤ የሀርጌሳ ልጅ። እዚህ ሰው ብቻውን ሰው አይደለም አለችኝ። አንድ ሰው ሌላውን በመኪና ቢገጭ ካሳውን የሚከፍለው የገጪው ወገን ሁሉ ነው፤ አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ ስሙን እንኳ በደንብ የማያውቀው ዘመድ ሳይቀር። ለአንቺ የሚዋስ ሰው፣ አንቺን ከነጥፋትሽ ወገኖቹ ጫንቃ ላይ ነው የሚጭነው። "አንቺስ?" አልኳት በተስፋ። "እኔማ እወድሻለሁ" አለች። "አጎቶቼ ግን አያውቁሽም።" ቢሮው ውስጥ ሁሉም ይወደኝ ነበር። አጎት የሌለው ግን አንድም አልተገኘም።

የቀረኝ አከራዬ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

አከራዬ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ጨርቅ ሲነግዱ ስለኖሩ አማርኛቸው የድሬ ነው። እሳቸው ከፊት ቤት፣ እኔ ከኋላ ክፍሎች፤ መሀል ላይ የእሳቸው ፍየሎች። ፍየሎቹ የተሰጣ ልብስ ይበላሉ። አንድ ቀን የምወደውን ሸሚዝ እጅጌውን በሉብኝና እንደ አስተዳደጌ አደረግኩ፤ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ለተከበሩ አከራዬ፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ፍየሎችን ይመለከታል።" ቀን ጻፍኩበት፣ ፈረምኩበት፣ በበራቸው ሥር አስገባሁት። ትንሽ ቆይተው ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው መጡ።

"አቦ፣ ግድግዳ እኮ ነው የሚለየን። በር ማንኳኳት ምን አደረገሽ?"

"በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።"

"ፍርድ ቤት ልትወስጂኝ ነው?"

ከዚያ በኋላ ተኳረፍን። ፍየሎቹ ግን አላኮረፉም፤ እንዲያውም ሁለት ወለዱ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አንድ ጠዋት ወረቀት ሳልይዝ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ሻሂ ቀዱልኝ፤ ቅርንፉድና ሄል የበዛበት፣ ስኳሩ ጥርስ የሚያሳምም። ጉዳዬን ስነግራቸው ዲግሪዬንም ደሞዜንም አልጠየቁኝም።

"መኪና ትነጃለሽ?" አሉ።

"አልነዳም፣ አዴር።"

አዴር ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ እዚያ ለትልቅ ሰው ሁሉ ይባላል። ያን ቀን ግን ከልቤ ነበር ያልኩት፤ አጎት ቸግሮኝ ነበርና።

"ብቻዬን አልወስንም" አሉኝ። "ወገኖቼ ይስሙሽ።"

ከሰዓት በኋላ ወገኖቻቸው ጫታቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ብዙ የሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ የፈራሁበት ግን የለም። በሱማሊኛ ይጨቃጨቃሉ፤ አከራዬ በየመሀሉ ይተረጉሙልኛል።

"መኪና ብትገዛስ እያለ ነው። የቤት ኪራይ ስትከፍል ፊቷ የሚጠቁር ሴት ምን ብላ መኪና ትገዛለች ብዬዋለሁ።"

"አመሰግናለሁ፣ አዴር።"

"ያኛው ደግሞ ሰው ትመታለች ወይ ይላል። አትመታም፣ ትጽፋለች አልኩት።"

ጫት ቃሚዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዱ በስጋት አንድ ነገር ጠየቀ።

"ምንድነው የምትጽፈው እያለ ነው" አሉኝ። "ስለ ፍየል ነው ብዬዋለሁ።"

ሳቁ ሲበርድ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሰው፣ በትራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። እዚህ መኖር የፈለገችው ለምንድነው ብለው ጠየቁ። ስለ ሥራዬ ልጀምር ነበር፤ ስለ ሕፃናት ምግብ፣ ስለ ሙያ ልምዴ። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

"ልጄን ላመጣ ነው" አልኩ። "ሁለት ዓመት ተለያይተናል።"

አከራዬ ተረጎሙላቸው። ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ ነካ አድርገው አጭር ነገር ተናገሩ፤ ሌሎቹም ወደየጫታቸው ተመለሱ።

"አለቀ" አሉኝ አከራዬ። "ልጇን ይዛ የምትመጣ ሴት አትሸሽም፤ ዋሷ ልጇ ናት፤ እኛ አብረን እንቆማለን ብሏል።" ቀጥለውም፣ "ይሄን መጀመሪያ ብትይ ምን ነበረበት? ይሄ ሁሉ ሰው ስለ መኪና ሲከራከር ዋለ!"

መዋሳቸው ለምን እንዳላስቸገራቸው በኋላ ስጠይቃቸው፣ "አገሬ ራሷ ስንት ዘመን ሙሉ 'እኔ አውቃታለሁ' የሚልላት መንግሥት ስትጠብቅ የኖረች አይደለች?" ብለው ሳቁ። "የዋስ ችግር ለእኛ አይነገርም።"

መስኮቱ ጋ ሄድን። አከራዬ ኮፊያቸውን አስተካክለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ። ሹሙ ተነሥቶ ጨበጣቸው፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ፣ አልሐምዱሊላህ ተባባሉ፤ ፈቃዱም ተሰጠኝ። ፋይሌን ያን ቀንም የከፈተው የለም። ዛሬም ማኅተሞቹ እንዳማሩ አሉ።

በዚያው ሳምንት ድንበሩን በዋጃሌ ተሻግሬ በጅጅጋ በኩል ድሬዳዋ ወረድኩ። ልጄ ረዝማለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ሌላ በቅሏል። እህቴ የልጄን ሻንጣ ስታዘጋጅላት ዐይኗን ማየት ከበደኝ። ልጄ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ስታይ መጣች፤ ግመል ባየች ቁጥር ታሳየኛለች፤ በትሕትና፣ አጠገቧ ለተቀመጠች መንገደኛ እንደምታሳይ።

የእሷን ስም በፈቃዴ ላይ ለማስመዝገብ ሦስታችን ሄድን፤ እኔ፣ ልጄና አከራዬ። ሹሙ ፎቶዎቿን ተቀበለኝና ብዕሩን አስቀምጦ ጎንበስ አለ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አላት።

በአማርኛ። ጥርት ባለ አማርኛ። ክው ስል አየኝና፣ "ጅጅጋ ነው የተማርኩት" አለ ቀስ ብሎ። ጺሙን እንዴት አድርጌ እንደሰደብኩ አስታውሼ መግቢያ አጣሁ። እሱ ግን ወደ ልጄ ተመለሰ፤ እዚያ አገር ልጅ የማን እንደሆነ መጠየቅ እንደ ሰላምታ ነው፤ ልጆችም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ይወርዱታል።

"የማን ልጅ ነሽ፣ የእኔ ቆንጆ?"

"የእቴቴ" አለች ልጄ።

እቴቴ የምትለው እህቴን ነው። ሹሙ ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ።

"እሺ፤ እሷስ ማን ናት?" አለ በብዕሩ ወደ እኔ እያመለከተ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እየተጠነቀቀች፣ እንዳትሳሳት፣ ትምህርት ቤት እንደምትመልሰው አድርጋ መለሰች።

"እማዬ ናት። የስልኳ።"

አከራዬ ኮፊያቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። ስንት ቢሮ ስከራከር የኖርኩት ሴት ማልቀስ ብቻ ነበር የፈለግኩት፤ እሱንም እንዳላስደነግጣት ብዬ ዋጥኩት። ሹሙ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በእኔ ስም ሥር ስሟን ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ ካርዱንም ለእኔ ሳይሆን በእጇ ሰጣት።

ወጥተን ባጃጅ ያዝን። አከራዬ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ እኔና ልጄ ከኋላ። ጥቂት እንደሄድን ካርዱን መለሰችልኝ።

"አሁን ጨረስን?" አለችኝ።

"አዎ፣ ጨረስን።"

"እንግዲያው ለእቴቴ ደውይልኝ።"

ደወልኩላት።