አጭሩ ፔርኖ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ከቢሮ ስወጣ የላምባና የግራሶ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ብስክሌት ጠጋኝ ከወተት ቆርቆሮ የቆዩ ብረቶችን እየዘረገፈ ለአንድ ጎልማሳ አሮጌ ብስክሌት ፔርኖ ይመርጥ ነበር፤ ሁለቱን ፔዳሎች ከመሐል የሚያያይዘውን የብረት ዘንግ ማለቴ ነው። እግሬ አልሄድ አለኝ።

በሱዳን ድንበር አጠገብ ኮኪት ሳለን አባቴ ጤና ረዳት ነበር። ከሱዳን በኩል የመጣች ጥቁር ብስክሌት ነበረችው፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ስትሄድ እንደ አሮጊት የምታቃስት፣ እናቴ «ጣውንቴ» እያለች የምትቀልድባት። ሰሊጥ በሚታጨድበት ጊዜ፣ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት ሠራተኞች በየእርሻ ካምፑ ወባ ሲጥላቸው፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ከኋላዋ አስሮ በዚያ በሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ይሄድባት ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በጥቅምት፣ ፔርኖዋ ተበላ። አባቴ በበሽተኛ ተከቦ ስለነበር ብስክሌቷን እየገፋሁ ወደ ጠጋኙ ወደ ጋሽ ተገኘ እንድወስዳት ላከኝ።

«አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁመሽ ለኪ፣ ቁመታቸው እኩል ይሁን» አለኝ። «ደግሞ እንዳታፍሪ። በሽንፋ በኩል ያለች አንዲት የካምፕ ወጥ ሠሪ ታማ እየጠበቀችኝ ነው።»

ጋሽ ተገኘ የተበላውን ፈትተው ሁለት ፔርኖ ሰጡኝ፤ አንዱ የዛገ፣ አንዱ ከድንበሩ ማዶ የመጣ የሚያብረቀርቅ። ከአሮጌው ጎን አቆምኳቸው። የዛገው ልክ ነበር፤ የሚያብረቀርቀው የትንሿን ጣቴን ጥፍር ያህል ያጥራል። ከዳሱ ሥር የተጠለሉት አንድ የጭነት መኪና ሾፌርና ጥቂት ሠራተኞች ዓይናቸውን ጣሉብኝ።

«የሐኪሙ ልጅ፣ ለአባትሽ ዝገት ልትወስጂለት ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ተገኘ።

«ምን ቸገረው፣ መርፌ ወግቶ ያድነዋል» አለ ሾፌሩ። ሁሉም ሣቁ።

ያጥራል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ፊቴ እሳት መስሎ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ወደሚያብረቀርቀው ጠቆምኩ። ጋሽ ተገኘ ገጠሙት፤ የፔዳሉ ክንድ የብስክሌቷን ብረት ሲፈትግባቸው በመዶሻ ወደ ውጭ ገፋ አደረጉትና «ይሄዳል» አሉ።

አባቴ በቀትር ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ የፔዳሉ ክንድ ተነቅሎ ወደቀ፤ ብስክሌቷን ከግራር ሥር ጥሎ ሣጥኑን ተሸክሞ በእግሩ ገሰገሰ። ሲደርስ ግን ሴትዮዋ ፊቷ በነጠላዋ ተሸፍኖ ነበር፤ ትንፋሿ ከወጣ ገና አልቆየም አሉት።

በማግስቱ ብስክሌቷን እየገፋ ተመለሰ። ሣጥኑን ሳያወርድ ጠየቀኝ፦

«ልጄ፣ ለክተሽው ነበር?»

«አዎ። እኩል ነበር።»

ወዲያው አመነኝ። «እንግዲያው ሳልወጣ ክንዱን መፈተሽ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ሴት አላወራም። ግን ብስክሌት ላይ በወጣ ቁጥር አስቀድሞ ይንበረከክና ሁለቱንም ክንዶች በእጁ ይወዘውዝ ጀመር፤ ሰዎች ይሥቁበት ነበር፣ እኔ ግን ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሆኜ ክረምት በመጣ ቁጥር ዘንድሮ እነግረዋለሁ እያልኩ እስከ ኮኪት አውቶቡስ ውስጥ ቃላት ስመርጥ እሄድ ነበር፤ ስደርስ ግን እሱ ቦርሳዬን ሊቀበለኝ ፈገግ ብሎ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። የኔን ጥፋት የራሱ እንደሆነ አምኖ ሄደ።

የጎንደሩ ጠጋኝ አንዱን ፔርኖ አንሥቶ ከፈታው አሮጌ ጋር ሳይለካው ወደ ብስክሌቱ ጎንበስ ሲል አየሁት።

«ያጥራል» አልኩት።

ጎልማሳውም ጠጋኙም ዞረው አዩኝ። ጠጋኙ ከአሮጌው ጎን አቆመው፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ለካና ወደ ቆርቆሮው መለሰው። «እውነትሽን ነው፣ እህቴ» ብሎ ሌላ መፈለጉን ቀጠለ። የሣቀ ሰው አልነበረም። ለማለት የፈጀብኝ አንድ ትንፋሽ ነበር።