ቀላሉ መንገድ ውሃ ውስጥ ነው

በቱሪዝም ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አንዲት ሴትዮ ለሙከራ ቀጠረችኝ። ድሬ ዳዋ ውስጥ ትንሽ የጉዞ ቢሮ አላት። ቅዳሜና እሁድ ከሙቀቱ መሸሽ የሚፈልገውን ሰው የደንገጎን ዳገት አውጥታ ሐረማያ ሐይቅ ታደርሳለች። ሰዉ ይደርሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጫት ይገዛል፣ ይመለሳል። በቃ።

እኔ በእግር ይሂድ አልኳት። ሦስት መንገድ እናውጣ፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ከባዱ ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ መካከለኛው በጫት ማሳዎቹ መሃል ያልፋል፣ ቀላሉ ደግሞ ውሃውን ተጠግቶ ይሄዳል፤ ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ክራንች ለያዘ ሰው። ለሁሉም የሚሆን ስላት ዓይኗ በራ። ቀላሉን መራመድ በሚከብደው ሰው ሞክሪና አሳዪኝ፣ ከሠራ ቋሚ ትሆኛለሽ አለችኝ።

መራመድ የሚከብደው ሰው ቤታችን ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ባቡር ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። አምና ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። እጁ ተመለሰ፣ እግሩ ግን ይጎተታል። ከዚያ ወዲህ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ሐኪሙ ካልተራመድክ እግርህ ይደርቃል ብሎታል። እሱ ደግሞ ሰፈሩ ቀጥ ብዬ ስሄድ ነው የሚያውቀኝ፣ እንዲህ ሆኜ አልታይም ይላል። ለምኜዋለሁ። ጮኬበታለሁ። አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ ደርሰን እንመለስ ብዬ ባጃጅ በር ላይ አቆምኩ፤ ሾፌሩ ጠብቆ ጠብቆ ሰልችቶት ሄደ።

የሐይቁን ነገር ስነግረው ግን እዚያ የሚያውቀኝ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። እንግዲያው እሄዳለሁ አለ።

ሥራውን ፈልጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ከሥራው በላይ ግን እሱ ከዚያ በር ሲወጣ ማየት ፈለግሁ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

መንገዱን ያወጣሁት የካቲት ላይ ነው። ውሃው ሸሽቶ ዳር ዳሩ ሰፊ ደረቅ መሬት ትቶ ነበር፤ ለጥ ያለ፣ ጠጠር የሌለበት። ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? በየሁለት መቶ እርምጃው ማረፊያ የሚሆን ድንጋይ መረጥኩና ኖራ ቀባሁት። የሐይቅ ዳር ሰው ይሄን አያደርግም። እኔ ያደግሁት ግን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ደቻቱ ለእኛ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ነው፤ አሸዋው ላይ እንሄድበታለን፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዕቃ ይሸጡበታል። ጎርፍ ሲመጣ ሸሽተን ዳር እንቆማለን፣ ያልፋል፣ ተመልሰን እንገባለን። የድሬ ልጅ ደረቅ መሬት ሲያይ መሄጃ ነው የሚመስለው። ውሃ መጥቶ እዚያው ይቀመጣል የሚል ሐሳብ በጭንቅላቴ አልዞረም፣ ወላሂ አልዞረም። አራት ዓመት ተምሬ።

አለቃዬ ክረምቱ ይለፍ ስላለች የሞከርነው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እኔ፣ አባቴና አለቃዬ በሷ መኪና ወጣን። ደንገጎን ስናልፍ ብርዱ ገባ፣ አባቴ ኮቱን ቆለፈ። ጸጉሩን ተቆርጧል፣ ጫማውን ራሱ ጠርጓል። የግራውን ክር ለማሰር ስንት ጊዜ እንደፈጀበት አይቼ ዞር ብያለሁ።

ወረድን። የመጀመሪያው ነጭ ድንጋዬ ውሃው ጫፍ ላይ ነበር። ሁለተኛው ውሃው ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሦስተኛው የለም።

አለቃዬ መንገዱ የታል አለችኝ። ትንሽ እንቆይ፣ ይጎድላል አልኳት። አባቴም የምር አዎ ይጎድላል ብሎ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ሁለታችንም ሐይቅ እስኪያልፍልን ጠበቅን። ጎመን ታጥብ የነበረች አንዲት የአካባቢው ሴት በኦሮምኛ ምን እንደምንጠብቅ ጠየቀችን። ነገርኳት። ጎመኑን አስቀምጣ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ወንዝ አይደለም። ይሄ ተኝቷል። ጥር ላይ ነይ።»

እዚያ ጋ ማለት የነበረብኝ ነገር ቀላል ነው። ተሳስቻለሁ፣ እንመለስ። አለቃዬ ስልኳን አውጥታ ለቢሮዋ ገጽ ቪዲዮ መቅረጽ ጀምራለች፤ ጋሼ፣ እስቲ ወደዚህ ይበሉ ትላለች። አባቴ እኔን አየኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አውቃለሁ።

«መካከለኛው የቱ ነው?» አለኝ።

ጣቴን ቀስሬ አሳየሁት።

ለኔ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ዳገት ነው። ድንጋይ እየተካበ የተሠራ እርከን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሰው እየረገጠ ያወጣው ቀጭን መውጫ። የመጀመሪያውን እርከን ወጣ። ልይዘው ስል በክርኑ ገፋኝ። በሁለተኛው ላይ ቀኝ እግሩ ይወጣና ግራው ወደኋላ ይቀራል፤ በእጁ ሱሪውን ይዞ ያነሳዋል። ቀስ በል አልኩት፤ በቃ አላልኩትም። እዚያ ጫፍ ቢደርስ ሥራው የኔ ነው እያልኩ እርከን እቆጥር ነበር። እውነቱ ይሄ ነው፣ አባቴ እግሩን በእጁ ሲያነሳ እኔ እርከን ቆጠርኩ።

ሦስተኛው ላይ ከዘራው ጭቃው ውስጥ ገባ። አልወደቀም፣ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፤ ከዚያ መነሳት አቃተው። እኔ ጎተትኩት፣ አልሆነም። ጫት የሚለቅሙ ሁለት ሰዎች መጡና እጃቸውን አቆላልፈው ወንበር ሠሩለት። አንደኛው አባ፣ አንገቴን ይያዙ አለው። ያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ የማያውቀውን ሰው አንገት አቅፎ ወረደ። አለቃዬ ታች ሆና ስልኩን አላወረደችም።

«አስቀምጪው በያት» አለኝ አባቴ። ድምፁ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

አልኳት። አስቀመጠች። አቦ፣ ምን ይጠቅማል።

ስንመለስ አለቃዬ ደንገጎ ላይ ስልክ ልታናግር መኪናዋን ዳር አቁማ ወረደች። ያኔ አባቴ ከኋላ ሆኖ ተናገረ።

«ጥፋቱ የኔ እግር ነው በያት። መንገዱ ደህና ነው።»

አለቃዬ ተመልሳ ሞተሩን እያስነሳች ሐሳቧን ነገረችኝ፤ ቀላሉን እንሰርዘዋለን፣ ሁለቱ ይበቃሉ፣ ወጣቶቹ ናቸው የሚመጡት፣ ሰኞ ቢሮ ግቢ። እሱ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። እሺ አልኩ። ለማሰብ እንኳ አልዘገየሁም።

አሁን በየቅዳሜው አወጣቸዋለሁ። ጉልበት ያላቸው ልጆች ናቸው፣ ሦስተኛውን እርከን ሲያልፉ እንደ እርከንም አይቆጥሩትም። ሐኪሙ የአባቴን እግር አይቶ ጅማቱ መጠንከር ጀምሯል አለን። ድሮ ቢያንስ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገብቷል። ለጎረቤት ልጄ ሥራ ያዘች ይላል፣ ደስ ብሎት ነው የሚለው፣ ያ ነው የሚያናድደኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ። ጥር ላይ ውሃው ይጎድላል፣ እኔና አንተ ብቻ እንሂድ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ሜዳ ሜዳውን አልኩት። ፊቱን አላዞረም።

«መኪናው ይጠብቅሻል፣ ሂጂ» አለኝ።

ሄድኩ።