ከባሕር ዛፎቹ በላይ

መስታወቷን ከእናትሽ መሳቢያ አውጥተሽ «ይቺ ትጣል?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ዕለት ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አልነበረም። መዳፍ የማትሞላ ክብ መስታወት ናት፤ ጀርባዋ ሮዝ ፕላስቲክ፣ ጠርዟ በአንድ በኩል የተሸረፈ። እጄ ላይ ስታስቀምጫት የማዳበሪያ ከረጢት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እርጥብ አሸዋና ላብ ሲጠጣ የሚያመጣው ያ ሆምጣጣ ሽታ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አትጣል። ለምን እንደማትጣል ልንገርሽ።

ያኔ ሐና ማርያም አካባቢ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ክፍል ተከራይቼ፣ ጎፋ በሚሠራ ሕንፃ ላይ አሸዋና ብሎኬት እሸከም ነበር። ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አላየሁም። ንባብ ያጠናከርኩት ሲሚንቶ ማከማቻው ደጃፍ ተቀምጬ፣ ሰው የጣለውን የተማሪ መጽሐፍ እያገላበጥኩ ነው። እናትሽ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነበረች። ሽማግሌ ልኬ አያትሽ የመለሱት አጭር ነበር፦ «ልጁ መጥፎ አይደለም። ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚውል ሰው ልጄን አልሰጥም። ቋሚ ሥራ ሲይዝ ይምጣ።» በጣም ተናድጄባቸው ነበር። አሁን አንቺን ካሳደግኩ በኋላ ያው መልስ ከእኔም አፍ እንደሚወጣ አውቃለሁ።

እዚያው ሰፈር አንድ ዱካ ተከታይ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። የአደን ወቅት ሲደርስ፣ ፈቃድ ያወጡ የውጭ አገር አዳኞችን ይዞ ወደ ባሌ ተራሮች ከሚወጣ ቡድን ጋር ይሄዳሉ። የሚታደነው የደጋ አጋዘን ነው። ተሸካሚዎቹን የሚመርጡት እሳቸው ሲሆኑ፣ ወቅቱን ያለ ጥፋት የጨረሰ ሰው በአደን ካምፑ ውስጥ በቋሚነት እንደሚቀጠር ሰማሁና በራቸውን አንኳኳሁ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ብሎኬት ትሸከማለህ አሉ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እሱ ሜዳ ላይ ነው። ፉሪን ሃያ አምስት ኪሎ ተሸክመህ ውጣ። ጫፉ ላይ ትንፋሽህን ይዘህ እስከ ሃያ ከቆየህልኝ እወስድሃለሁ። አጋዘን የሚያለከልክ ሰው ከሩቅ ይሰማል። ሁለት ወር አለህ።»

ፉሪ ተራራን በየቀኑ አየው ነበር፤ እንደ ሰፈር ግድግዳ። ወጥቼው ግን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋቱ የእኔ ነበር። ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ ሞላሁ፤ ከተበላሸ መኪና የተቆረጠ ቀበቶ ማንገቻ አድርጌ ሰፋሁበት፤ ሊነጋ ሲል ተነሣሁ። የኅዳር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። የመጀመሪያው ቀን ከባሕር ዛፎቹ አላለፍኩም። አስመለሰኝ፣ አሸዋውን እዚያው ደፍቼ ባዶ ማዳበሪያ ይዤ ወረድኩ። ሥራ ቦታ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ አብሮኝ የሚኖረውና ብሎኬት የሚያወጣው ጓደኛዬ አካፋውን ተደግፎ ጠበቀኝ።

«እኛ አሸዋ የምንሸከመው እየተከፈለን ነው» አለኝ። «አንተ በነጻ ነው። ለመሆኑ ተራራው አሸዋ ጎደለኝ ብሎሃል?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ሐሙስ ዕለት ግን ሞልቼ ወጣሁ።

ከዚያ ሰው ከጣለው የተማሪ መጽሐፍ የልብ ትርታ አቆጣጠር ተምሬ ነበር። እያንዳንዱ ዳገት ላይ ቆሜ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አሳርፋለሁ፤ ትርታው እስኪሰክን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አይና በሚቀጥለው ጊዜ እንዲያጥር እታገላለሁ። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። አንቺን ዛሬ ስልክሽ የሚነግርሽን እኔ ከአንገቴ ነው ያነበብኩት። ይህን የምልሽ ለመኩራራት አይደለም፤ ትንሽ ለመኩራራትም ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እናትሽ ይቺን መስታወት በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለችኝ። ከሱቅ በደረቴ የገዛቻት ናት።

«ጫፉ ላይ ስትደርስ አብራልኝ» አለች። «ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ያን ጊዜ ወደዚያ ባይ ማንም ምን ታያለሽ አይለኝም።»

እንዲህ ሆነ። ሦስት ሰዓት ላይ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ያለው ራቁት ጫፍ ላይ ቆሜ፣ በጀርባዬ ማዳበሪያውን እንዳዘልኩ፣ ፀሐይቱን በመስታወቷ ይዤ ወደ ሐና ማርያም እልካት ነበር። ከታች ቆርቆሮ ጣሪያዎች ብቻ ነው የሚታዩት፤ እሷን አላያትም። ማታ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ በጎኔ እያለፈች «አየሁት» ትለኛለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። ያቺን አንዲት ቃል ለመስማት ስል ማዳበሪያው ላይ አሸዋ የጨመርኩባቸው ቀናት አሉ።

አሁን ደስ የማይለኝን ልናገር። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ባሕር ዛፎቹ የሚያልቁበት አካባቢ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ተቀመጥኩ። ቅጠሉ ይሸታል፣ ጥላው ቀዝቃዛ ነው፣ የሚያየኝ ሰው የለም። ሦስት ሰዓት ሲሆን በዛፎቹ መካከል ክፍት ቦታ ፈልጌ ከዚያው አበራሁና ወረድኩ። ማን ያውቅብኛል አልኩ።

ማታ በጎኔ ስታልፍ «አየሁት» አላለችም። ጀሪካኗን አስቀመጠች።

«ዛሬ ብርሃኑ ከዛፎቹ በላይ አልነበረም።»

«ደመና ነበር» አልኩ።

«ደመና ቢሆን ብርሃኑም አይኖርም ነበር።»

ጀሪካኗን መልሳ አነሣች።

«ደክሞህ ከሆነ ደክሞኛል በለኝ፤ እኔ አልጣልህም» አለች። «ለእኔ ብለህ ግን አትዋሽ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል። እንደዚያች ንግግር ያሳፈረኝ የለም። ቅዳሜ ዕለት ጉንፋኑ ሳይለቀኝ ወጣሁ። ከድንጋዩ አጠገብ ሳልቆም አለፍኩ። ጫፉ ላይ ሦስት ጊዜ አበራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አላጎደልኩም።

የፈተናው ጠዋት ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ከፊቴ ወጡ፤ በስድሳ ዓመታቸው። ጫፉ ላይ «ያዝ» አሉኝና መቁጠር ጀመሩ። አሥራ ስምንት ላይ ቆመው አክታቸውን ተፉ። መሐረብ ፈለጉ። አፋቸውን ጠረጉ። ዓይኔ ሊፈነዳ ደርሷል። ከዚያ ተረጋግተው «አሥራ ዘጠኝ» አሉ።

ስንወርድ «ጉልበትህ መካከለኛ ነው» አሉኝ። «ግትርነትህ ግን ይበቃል።»

ባሌ ስንገባ ነው ፉሪ ልጅ መሆኑ የገባኝ። እዚያ አየሩ ራሱ ይጎድላል፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ የረጋው ውርጭ ስትነኪው ይንኮሻኮሻል። በዘጠነኛው ቀን፣ አራት ቀን ሙሉ የተከተልነው ትልቅ ወንድ አጋዘን ከማዶ ተረተር ላይ ታየ። እንግዳው አዳኝና ሽማግሌው በአስታው ቁጥቋጦ ሥር በሆዳቸው እየተሳቡ ቀደሙ። እኛ ተሸካሚዎቹ ከኋላ ተከተልን። የኮረብታው አናት ላይ ስደርስ ፀሐይ ፊቴን መታችኝ። ሁለት ወር ገደማ አናት ላይ ስደርስ የማደርገውን እጄ በራሱ አደረገ። መስታወቷ ከኪሴ ወጥታ አንዴ ብልጭ አለች።

አጋዘኑ ራሱን ቀና አደረገ። ጠማማ ቀንዶቹን፣ አንገቱ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት አየሁ። ከዚያ ተረተሩ ባዶ ሆነ።

እንግዳው በቋንቋው አንድ ነገር አጉረመረመ። ሽማግሌው ዘወር ብለው እያንዳንዳችንን አዩ። ዓይናቸው የእንግዳውን የሩቅ መነጽር በያዘው የአካባቢው ሰው ላይ አረፈ፤ ሦስት ልጆች ያሉት ዝምተኛ ሰው ነበር።

«ስንቴ ልንገርህ፤ የመነጽሩን መስታወት ሸፍነው አላልኩህም?» አሉት። «ነገ ቤትህ ትገባለህ።»

ሰውየው መነጽሩን አገላብጦ ተመለከተ፤ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ካምፕ፣ ቋሚ ሥራ፣ እናትሽ፣ ሁሉም በዚያች ዝምታ ውስጥ ነበሩ። ትንፋሼን ይዤ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሃያ ሳይሞላ አልቀረም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።» መስታወቷን ዘረጋሁላቸው።

ተቀብለው ፊታቸውን አዩባት። ጺማቸውን አስተካከሉ።

«የማን ናት?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከዛፎቹ በታች ያበራሁባትን ሐሙስ ጭምር። ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ሦስት ሰዓት ነበር።

«እና ልጅቷ እስከዚህ ድረስ ታያለች?»

ተሸካሚዎቹ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። መነጽሩን የያዘውን ሰው በሁላችን ፊት ይቅርታ ጠየቁት፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት እንዴት እንደሚያደርግ ያየሁት ያን ዕለት ነው። የእሱን ጭነት በእኔ ላይ ጨመሩ፤ ወቅቱ እስኪያልቅ ከሁሉም ከባዱን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። በመጨረሻው ቀን መስታወቷን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«በዚህ ዓመት ቋሚ አላደርግህም፤ ጥፋት ጥፋት ነው» አሉ። «ለሚቀጥለው ግን ሳትፈተን ና። ለልጅቷ ደግሞ ዓይንሽ ጥሩ ነው በላት።»

እናትሽ በእኔ ጥፋት አንድ ዓመት ጠበቀችኝ። የሆነውን በአጥሩ ቀዳዳ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር። ረጅም ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «አጋዘኑ እኔን አይቶ ሸሸ በለኛ» አለች። ያን ሳቅ አንቺ ወርሰሽዋል። ሳሎን ሆነሽ ስልክ ላይ ስትስቂ የማነበውን ትቼ የማዳምጠው ለዚያ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። ፉሪ ነበርኩ። ቤቱ አሁን እስከ ተራራው እግር ደርሷል፤ ያኔ በጤዛ የራስኩበት ማሳ አስፋልት ሆኗል። በጀርባዬ ምንም አልያዝኩም፣ መስታወቷ ብቻ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ቀኝ ጉልበቴ እስከ ባሕር ዛፎቹ ታገሠኝ። ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ተቀመጥኩበት፣ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አሳረፍኩ፣ ትርታው እስኪሰክን ብዙ ጠበቅሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን በዛፎቹ መካከል ክፍት ቦታ ፈልጌ የእናትሽ የድሮ ግቢ ወደነበረበት አበራሁ። በመካከሉ ሕንፃ ቆሟል። ቢሆንም አበራሁ።

ማታ በጎኔ አልፋ የምትነግረኝ ስለሌለች ራሴ ልናገረው፦ ብርሃኑ ከዛፎቹ በላይ አልነበረም።

ከፊታችን ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ቤት አልኖርም። በረንዳው ላይ ልብስ ስታሰጪ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወደ ፉሪ ተመልከቺ።