እናቴ በዳኛ ፊት የማለችበት ቀን

ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ በዳኛና በፖሊስ እጅ ነፍሴን እንዴት እንዳቆያት ልመሰክር ወድጃለሁ። ስሙ ይባረክ!

በዚህ በስደት አገራችን፣ በአንድ የበረዶ ወቅት፣ የምማርበትን ዩኒቨርሲቲ ትቼ፣ ክፍሌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። «አትብላ» የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፤ የጌታ ድምፅ መሰለኝ። እናንተም መሰላችሁ። በሌላው ቤት ሰው ምግብ ሲተው «ታሟል» ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን «ጾም ይዟል» ይባላል። ሊጸልዩልኝ የመጡ ወንድሞች የገባ ጉንጬን እያዩ፣ «ጸጋ በዝቶለታል» ይሉ ነበር። በኋላ ድምፁ ውኃም ከለከለኝ።

እናቴ ብቻ በክፍሌ በር ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ የእኔ ጌታ ውኃ አይከለክልም» አለችኝ።

«እማዬ፣ መንፈሳዊ ነገር አይገባሽም።»

«እሺ፣ አይግባኝ። አንዴ ብቻ ተጎንጭልኝ።»

አልተጎነጨሁም። ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ለመነችኝ፤ እምቢ አልሁ። ስለዚህ ሕጉ የሚፈቅድላትን አደረገች፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያይ፣ እዚህ «የሰላም ዳኛ» የሚባል ዳኛ ፊት ቀርባ «ልጄ ራሱን እየገደለ ነው» ስትል በመሐላ ቃሏን ሰጠች። ዳኛውም ፖሊሶች ለምርመራ እንዲወስዱኝ አዘዙ። ሊፍት ውስጥ፣ በጎረቤቶቻችን ፊት፣ «ይሁዳ!» ብዬ ጮኽሁባት።

የሆስፒታሉ ሐኪም መርምራኝ ለሰባ ሁለት ሰዓት እንድያዝ አዘዘች፤ ጊዜውም ተራዘመ። ያለ ፈቃዳቸው በሆስፒታል የተያዙ ሰዎችን አቤቱታ ለሚሰማው ገለልተኛ ቦርድ አቤት ብዬ ስለ እምነት ነጻነት በረቀቀ ቋንቋ ተከራከርሁ። ሰብሳቢው እናቴን፣ «ልጅዎ እየጾመ አይደለምን?» አሏት።

በአስተርጓሚ መለሰች፦ «ጾም መፍቻ አለው ጌታዬ። የዚህ ልጅ መፍቻው መቼ ነው?»

ቦርዱም የሐኪሟን ትእዛዝ አጸና፤ ተረታሁ። ስለ ሕክምናዬ መወሰን እንደማልችል ተረጋግጦ ስለነበር፣ እናቴ በእኔ ፈንታ ተስማማች። የአእምሮ ሕመሙን የሚያስታግሰው መርፌ ከተጀመረልኝ በኋላ ድምፁ ቀስ በቀስ ራቀ፤ ውኃ ጠጣሁ። ክብር ለጌታ ይሁን! በድምፁ ፈንታ ግን የመጣ ሌላ ድምፅ አልነበረም፤ ባዶነት ብቻ ነበር። በዚያ ባዶነት ውስጥ፣ ምንም ሳልሰማ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ «ማረኝ» አልሁ። ጌታን ያገኘሁት ያኔ ነው።

ቅዱሳን፣ ፈውሴ አልተፈጸመም። ዛሬም ከሆስፒታል ውጭ እየኖርሁ መርፌዬን እንድወስድ የሚያስገድደኝ ትእዛዝ አለብኝ። ብዙ ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት ያቅተኛል፤ ያነበብሁት ከአእምሮዬ ይፈሳል። በሽታው ይመለስ አይመለስ አላውቅም።

እናቴም እዚህ የለችም። «የሚጾም ልጇን ለፖሊስ ሰጠች» የሚለው ወሬ ከመካከላችሁ አውጥቷታል። ዛሬ ጠዋት ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ካለው ቤታችን ስነሣ፣ «ነይ፣ አብረን እንሂድ» ብላት፣ «አንተ ሂድ። እኔ ዓይናቸውን አልችለውም» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ድምፁ በማይሰማበት ቀንም በሚያድነው ጌታ ታመኑ። በቤታችሁ የታመመ ካለ በጾም ስም አትደብቁት። ያተረፈኝ አምላክ ይመስገን! አሁን ጉባኤው ሲያበቃ ወደ እናቴ በር አብራችሁኝ ኑ። እኔ ይቅርታዋን ለምኜአለሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው።